“ክብደት ቀንሺ” አሉኝ፤ እንዴት እንደሆነ ግን ማን ይንገረኝ?

ዓምድ፦ ጤና በቤታችን

ዛሬ ብዙዎቻችሁ “እባክሽ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር በዪን” ስትሉኝ የነበረውን፣ እኔ ግን የራሴም ቁስል ስለሆነ ስሸሸው የቆየሁትን ርዕስ አነሣለሁ። ርዕሱ ክብደት መቀነስ ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ሦስተኛ ልጃችንን ከወለድኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ራስ ምታት እየተመላለሰ ሲያስቸግረኝ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄድኩ። ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ 84 ኪሎ! ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። የደም ግፊቴም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ካርዴ ላይ ጫር ጫር አደረገና ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ “ክብደት መቀነስ አለብሽ” አለኝ።

“እሺ ዶክተር፤ እንዴት አድርጌ?” አልኩት።

“ምግብ ቀንሺ፣ ስፖርት ሥሪ” አለና የሚቀጥለውን ታካሚ ስም አስጠራ። ወረፋ የጠበቅኩት ሦስት ሰዓት ነው፤ ውስጥ የቆየሁት ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

በሐኪሙ አልፈርድም። ከበሩ ውጪ የተሰለፈውን ሕዝብ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ከየትኛው ምግብ ነው የምቀንሰው? ምን ያህል? የምን ስፖርት? በስንት ጊዜ ውስጥ ስንት ኪሎ? አንዱንም ሳላውቅ ወጣሁ። ሐኪሙ ሳይሞላው የቀረውን ክፍተት ደግሞ ዘመድ አዝማዱ፣ ጎረቤቱ፣ የኅብረት እህቶችና የእጅ ስልኬ ለመሙላት ተሽቀዳደሙ።

ሰባት መካሪ፣ ሰባት መንገድ

የባለቤቴ እህት “እንጀራ ነው የሚያወፍርሽ፤ እርግፍ አድርገሽ ተዪውና ዳቦ ብዪ” አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ይህንን ሲሰሙ ሳቁ። “ዳቦ ነው እንጂ ጠላትሽ! ጤፍ መቼ ያወፍራል? እንጀራሽን ብዪ ልጄ” አሉኝ። የመዘምራን ጓደኛዬ በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጪ፣ ስቡን ያቀልጠዋል አለችኝ። አንድ ስፖርት የሚያሠራ ወጣት በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እንድበላ መከረኝ። በስልኬ የደረሰኝ ቪዲዮ ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት ነው መፍትሔው ይላል። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች ዘመዳችን እህል የሚባል ነገር ሳልነካ ሥጋና ቅቤ ብቻ እንድበላ በብርቱ አሳሰበችኝ። አማቴ በበኩላቸው “ምን ሆነሽ ነው? ልጅ ያሳደገ ገላ እኮ ነው! ከከሳሽ ሰው ምን ይላል? ቤትሽ ጠግቦ አይበላም አይባልም?” ብለው ተቆጡኝ።

ሁሉም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። ሁሉም “እገሊት እኮ በዚህ ነው የቀነሰችው” የሚል ምስክር አላቸው። እኔም የሁሉንም ሞከርኩ። አንዱን አሥር ቀን፣ ሌላውን ሁለት ሳምንት። እየቀነስኩ መልሼ ጨመርኩ። በመጨረሻ ተስፋ ስቆርጥ አንዲት እህት “የሚያከሳ ሻይ” አመጣችልኝ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም። ሆዴ እየሮጠ በአሥር ቀን አራት ኪሎ ቀነስኩ። ደስ ብሎኝ ምስጋና አቀረብኩ!

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ እህቶች ከብበውኝ ይጸልያሉ። ባለቤቴ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ወዲያው ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰደኝ። በምርመራው ሰውነቴ ውሃ ማጣቱና ለልብ ምት አስፈላጊ የሆነው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ዝቅ ማለቱ ታወቀ።

እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ወንበሯን ወደ እኔ ስባ ተቀመጠች። ባለቤቴ ሮጦ ከቤት ያመጣላትን የሻዩን ማሸጊያ አገላብጣ አየች። “ይህ እኮ ሰናሜኪ ነው። ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። አንቺ የቀነስሽው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው” አለችኝ። ከዚያም ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳችኝ። ዛሬ የማካፍላችሁ አብዛኛው ነገር መነሻው ያች ሃያ ደቂቃ ናት። ከዚያ በኋላም አንብቤአለሁ፤ ጠይቄአለሁ።

ምክሮቹ ለምን ይጋጫሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማንኛውም ዘዴ የሚሠራ ይመስላል። ሰውነታችን ከእህልና ከስኳር የሚያገኘውን ኃይል በጉበትና በጡንቻ ውስጥ በጥቂቱ ያከማቻል። ይህ ክምችት በአዋቂ ሰው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ እንጀራም ሆነ ዳቦ በድንገት ስናቆም ይህ ክምችት ያልቃል፤ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ሚዛኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ወረደ ይለናል። እኛም “ሠራልኝ!” ብለን ለጓደኛችን እንመሰክራለን። ወደ ቀድሞ አመጋገባችን ስንመለስ ውሃው ይመለሳል። ስቡ ግን ከመጀመሪያውም ብዙ አልተነካም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው ከሰው መለያየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው ለአንድ ዓመት የተከታተሉበትን ጥናት አሳተሙ። አንደኛው ቡድን ቅባት ቀነሰ፤ ሁለተኛው ደግሞ እህልና ስኳር ቀነሰ። በዓመቱ መጨረሻ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ እህልና ስኳር የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ልብ በሉ! በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ግን 30 ኪሎ ያህል የቀነሰም፣ 10 ኪሎ ያህል የጨመረም ሰው ነበር። ስለዚህ የእገሊት ምስክርነት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ግን ላይሆን ይችላል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ 811 ሰዎች ለሁለት ዓመት የተሳተፉበት ሌላ ጥናትም አራት ዓይነት አመጋገቦችን አወዳድሮ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሷል።

በ2018ቱ ጥናት ለሁለቱም ቡድኖች በአንድነት የተሰጠ ምክር ግን ነበር፦ አትክልት አብዙ፤ የተጨመረ ስኳርና የነጣ ዱቄት ቀንሱ፤ በፋብሪካ ብዙ ያልተነካካ ምግብ በቤታችሁ አብስላችሁ ብሉ። የሚከራከሩት ወገኖች ሁሉ የሚስማሙበት ይህ ነው። እኛ ግን በሚለያዩበት ላይ ስንከራከር የሚስማሙበትን ረሳነው።

እስቲ የሰባቱን መካሪዎቼን ጉዳይ በአጭሩ ልቋጨው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ ከነጭ ዳቦ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ኃይል ሰጪ ምግብ ነውና ከበዛ ያወፍራል። ሎሚ ስብ አያቀልጥም። በለስላሳ ፈንታ ከጠጣነው ግን የቀነስነው ስኳር ይጠቅመናል። ስድስት ጊዜም ሆነ አንድ ጊዜ ብንበላ፣ ወሳኙ በቀኑ መጨረሻ ወደ ሆዳችን የገባው ድምር ነው። የእህቴን የሥጋና የቅቤ መንገድ የቻለ ሰው ክብደት ይቀንስ ይሆናል፤ በአማራጭነት ግን ደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከፍ ሊል ስለሚችል ያለ ምርመራ የሚጀመር አይደለም።

ስንት ብቀንስ ነው የሚበቃኝ?

ሐኪሟ ይህንን ስትነግረኝ ከትከሻዬ ላይ ሸክም ወረደ። ሁላችንም የሠርጋችን ዕለት የነበረንን ኪሎ እናስባለንና! በጤና ሙያ የተለመደው ስሌት ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፣ ክብደቱን ለዚያ ማካፈል ነው። የእኔ 84 ሲካፈል ለ2.56 ወደ 33 ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 30 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ ደግሞ ውፍረት ይባላል። በዚህ መሠረት “ጤናማ” ለመባል ከ20 ኪሎ በላይ መቀነስ ሊኖርብኝ ነው። ይህንን ስሰማ እንባዬ መጣ።

እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ስለታተመ አንድ ታላቅ ጥናት ነገረችኝ። በአሜሪካ ለስኳር ሕመም የተቃረቡ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት ነው። አንዱ ክፍል የክብደቱን 7 ከመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ውጤቱ ምን ሆነ? በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ እንክብል ከተሰጠው ቡድን በ58 ከመቶ ቀነሰ። መድኃኒት የወሰዱት እንኳ የቀነሰላቸው በ31 ከመቶ ነበር። ከ84 ኪሎ 7 ከመቶ ማለት 6 ኪሎ ያህል ነው። 78 ኪሎ ብሆን በሰንጠረዡ አሁንም “ወፍራም” እባላለሁ፤ በውስጤ ያለው ደም፣ ልብና ጉበት ግን ለውጡን ያውቁታል!

ፍጥነቱስ? በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ፣ ከዚያ በላይ አይቸኮልም። ጥድፊያ የሐሞት ጠጠር ያመጣል፤ ጡንቻም ይበላል።

ሌላው መለኪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በእምብርት አካባቢ የወገብ ዙሪያ ለሴት ከ88፣ ለወንድ ከ102 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አደጋው ከፍ ይላል። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ “እኔ ቀጭን ነኝ” ብሎ ይሳለቅ ነበር። ሐኪሟ እርሱንም ለካችው። እጁና እግሩ ቀጭን ነው፤ ቦርጩ ግን 104! ቁርስ ሳይበላ የደም ስኳሩ ሲለካ 118 ሆነ። ይህ የስኳር ሕመም አፋፍ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ነው። እናቱ፣ አማቴ ማለቴ ነው፣ በስኳር ሕመም ዓይናቸው ደክሟል። ከክሊኒኩ ስንወጣ ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ “ለካስ አንቺን ስመክር የራሴን ቤት ረስቼ ነው” አለኝ።

አቋራጩ መንገድ ገደል አለው

ውድ አንባቢያን፣ “በአንድ ወር 15 ኪሎ” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሦስት ነገሮችን አስታውሱ።

አንደኛ፣ ፌንፍሉራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት የልብ በሮችን እንደሚጎዳ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ከገበያ ወጣ። ሲቡትራሚን የተባለው ደግሞ የልብ ድካምና የአንጎል ምት ስጋት ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጣ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከገበያ ከወጣ በኋላም “ተፈጥሯዊ ነው” በሚባሉ የማክሻ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚለው አባባል የእኔን ታሪክ ያልሰማ ሰው አባባል ነው።

ሁለተኛ፣ አሁን ብዙ የሚወራላቸው በመርፌ የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ። ሴማግሉታይድ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል። በእርግጥም ይሠራል። ነገር ግን በሐኪም ክትትል የሚወሰድ ነው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ የተለመደ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ወስደው ያቆሙ ሰዎች በተጠኑበት ጊዜ፣ ካቆሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ከሻንጣ ነጋዴ ገዝቶ በቤት የሚወጋ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ራስን ማስራብ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ለረሃብ ጥናት ራሳቸውን ሰጡ። በኅሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከመኖናይት፣ ከብሬዝረንና ከኩዌከር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ናቸው። ዓላማቸው በጦርነት የተራቡትን ሰዎች እንዴት መርዳት እንደሚቻል ለማሳወቅ ነበር። ለስድስት ወር በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ እየበሉና ብዙ እየተራመዱ ቆዩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ቀነሱ። ነገር ግን እነዚያ ጨዋ ወጣቶች ተነጫናጮችና ድብርተኞች ሆኑ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ ያነብቡ ጀመር። እነርሱ ከመጀመሪያው ወፍራሞች አልነበሩም፤ ስለዚህ ከእኛ ጋር በሁሉ ነገር አይመሳሰሉም። ቢሆንም ዛሬ በየስልካችን የሚላክልን “የ800 ካሎሪ ዳይት” ለእነዚያ ለተራቡት ወጣቶች ከተሰጠው በግማሽ ገደማ ያነሰ መሆኑን አስቡት። በቤታችሁ “ዳይት” ከተጀመረ ወዲህ ጭቅጭቅ ከበዛ፣ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ረሃብም ሊሆን ይችላል።

ጾሙ ለማን ነው?

ይህንን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከእኛ መካከል “እግረ መንገዴን ኪሎም ልቀንስ” ብሎ ጾም ጸሎት የሚያውጅ ሰው አለ። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ለሁለት ቀን ጾሜ ከጸሎቱ በኋላ በመጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሚዛኑ ነበር። የዚያን ቀን አፈርኩ። ጾም ጾም ነው፤ ዳይትም ዳይት ነው። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ውሎ ማታ በአንድ ትሪ ሁለት ቀን የሚበቃ መብላት ለሁለቱም አይሆንም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የምትወስዱ ወገኖች፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጹሙ። የደም ስኳር በድንገት ወርዶ ሊጥላችሁ ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶችም እንዲሁ።

ሰውነት ቤተ መቅደስ ነው የሚለውን ትምህርትም ሌላውን ለመገረፊያ አንጠቀምበት። ቤተ መቅደስን የሚያድስ ሰው በመዶሻ አይጀምርም።

በጓዳችን ምን ለወጥን?

ዘይት፦ ቤታችን አምስት ነፍስ አለ። የ5 ሊትር ጀሪካን በወር ያልቅ ነበር። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ አለው። አምስቱ ሊትር ለአምስት ሰው በ30 ቀን ሲካፈል፣ ለእያንዳንዳችን በቀን 270 ካሎሪ ገደማ ከዘይት ብቻ ማለት ነው። አሁን ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ አቁላላለሁ፤ ዘይቱን ከጀሪካኑ ሳይሆን በማንኪያ ለክቼ እጨምራለሁ። ያው ጀሪካን 50 ቀን ይቆያል። ይህ ለእያንዳንዳችን በቀን 100 ካሎሪ ገደማ ቀነሰልን። ወጡ መጣፈጡን አልተወም፤ ባለቤቴ እስክነግረው አላወቀም!

ስኳር፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ከጨመርን 24 ግራም ገደማ ሆነ፤ አለቀ! አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ይይዛል። እኛ ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ ወረድን። በቤት ለቤት ኅብረታችንም ለስላሳው በውሃና በፍራፍሬ ተተካ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማጉረምረም ነበር፤ አሁን ተለምዷል።

ትሪው፦ እንጀራ አልተውንም። ከላይ የሚደፋውን ነው የለወጥነው። ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣው ግማሹን ቦታ ይያዝ። ምስርና ሽሮ ሩቡን፤ እነርሱ ሆድ ይይዛሉ። ሥጋ ባለበት ቀን ደግሞ እርሱ በዚያ ሩብ ውስጥ ይግባ። “ትንሽ ጨምሪ፣ በሞቴ!” የሚለውን ልመና በፍቅር እንቢ ማለትንም ተምረናል። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አስተባባሪነት የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚያበረታታው ከውጭ የመጣ ዱቄት ሳይሆን እነዚህኑ የእኛን ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው።

እግር፦ በሳምንት አምስት ቀን፣ 30 ደቂቃ በጠዋት አብረን እንራመዳለን። መራመድ ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፤ ይህንን እውነት ልንገራችሁ። የደም ግፊትንና ስኳርን ግን ያወርዳል፤ የቀነሱት ኪሎ እንዳይመለስም ያግዛል። ከዚህም በላይ ከሠርጋችን ወዲህ ልጆች ሳያቋርጡን ለግማሽ ሰዓት ስናወራ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

“የኔ ኩንታል”

ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ቀልድ ይወዳል። በሰው ፊት “የኔ ኩንታል” ይለኝ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ የተረፈውን ዳቦ እበላለሁ። ለምን እንደምበላ አላውቅም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በጠዋት ስንራመድ ነገርኩት። ቆመ። “አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?” አለኝ። “ስስቅ ታየኝ ስለነበር” አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቃል በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም።

ባሎች ሆይ፣ ሚስቶችም ሆይ፣ ማሳፈር ማንንም አላከሳም። ሐፍረት ተደብቆ መብላትን ያስተምራል። የምትወዱትን ሰው መርዳት ከፈለጋችሁ በፊቱ ያለውን ሳህን ከምትቆጥሩ ከጎኑ ተራመዱ።

እኛ አበሾች ደግሞ ሰላምታችን በሰው ገላ ይጀምራል። “ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!” “ምነው ከሳህ? ታመህ ነበር?” ይህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ረሃብን ባየች አገር ውፍረት የጥጋብ ምስክር ነበር። በኋላም ኤች አይ ቪ በበረታባቸው ዓመታት የከሳ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ዛሬም ሁለቱ አብረው አሉ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ሆኑ፤ በከተማ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዚያው በ2016 ከመቶ 22 የሚሆኑት ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። በአንድ ወንበር ላይ አብረን ከምንቀመጠው መካከል አንዷ ለመቀነስ፣ ሌላዋ ለመጨመር ትታገላለች ማለት ነው። እንግዲህ “ወፈርሽ፣ ከሳሽ” ከማለት “እንዴት ነሽ?” ማለት አይሻልም?

እኔ ዛሬ የት ነኝ?

በ11 ወር ውስጥ 7 ኪሎ ቀነስኩ። በበዓላቱ ሰሞን ሁለቱ ተመለሱ። ዛሬ 79 ኪሎ ነኝ። የደም ግፊቴ ረግቷል፤ ራስ ምታቱም ትቶኛል። የባለቤቴ ደም ስኳር ከ118 ወደ 104 ወርዷል፤ ክትትሉን ግን አላቆመም። ከመኝታ ቤታችን ሚዛኑን አውጥተን የምንመዘነው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ “ቀንስ፣ ቀንሺ” በሚል ቃል ብቻ ተሸኝታችሁ አትውጡ። በአክብሮት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ለጤናዬ በመጀመሪያ ስንት ኪሎ ይበቃኛል? በምን ያህል ጊዜ? የምወስደው መድኃኒት ክብደት ይጨምራል ወይ? መቼ ተመልሼ ልምጣ? ምግብ ሳትቀንሱ ክብደታችሁ በራሱ እየወረደ ከሆነ ግን ደስ አይበላችሁ፤ ፈጥናችሁ ተመርመሩ። የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ ወይም የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስለ ሰውነትህ ወይም ስለ ሰውነትሽ ከተናገርኩት ቃል መካከል እስከ ዛሬ የሚያም አለ?
2. በቤታችን አንድ ጀሪካን ዘይትና አንድ ኪሎ ስኳር ስንት ቀን ይቆያሉ?
3. በሳምንት ውስጥ አብረን ልንራመድ የምንችልባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው?
4. ከሁለታችን የደም ግፊቱንና የደም ስኳሩን ከተለካ ዓመት ያለፈው ማን ነው?

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው ዕትም እስከምንገናኝ የጌታ ሰላም ከቤታችሁ አይለይ። ነገ ጠዋት ስትራመዱ ከጎናችሁ ያለውን ሰው እጁን ያዙት።